ባላወቁት መንገድ ላይ
ስለ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ፍተሻና ማስተካከል ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ስለ ማሽን ፍተሻ አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ተርባይን ወይም ስለ ናፍጣ ሞተር እንደምናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥሁት በመዳፍ ላይ የሚቀመጥና ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ግራም የማይበልጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ይኸውም በእንግሊዝና በአሜሪካ «ስሎት ካር» የሚባለው፣ በጠባብ ቦይ እየተመራ የሚሽቀዳደም መኪና ነው። «ይህ የልጆች መጫወቻ አይደለምን?» የሚል ቢኖር፣ አዎን፣ መጫወቻ ነው። ነገር ግን የተፈጥሮ ሕግ መጫወቻንና ቁም ነገርን ለይቶ አያውቅም። በትልቅ ማሽን ላይ አንድ ሙከራ ሳምንታት ይወስዳል፤ ገንዘብም ይፈጃል። በዚህ ትንሽ መኪና ላይ ግን አንድ ሙከራ የሚፈጀው ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰኮንድ ነው። ስለዚህ የፈታሹ ጠባይ፣ ትዕግሥቱም ሆነ ችኮላው፣ በአንድ ምሽት ውስጥ ተገልጦ ይታያል። ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው።

1. የነገሩ አመጣጥና አሠራር

ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለው እንግሊዛዊ ሚኒሞዴልስ በሚባለው ኩባንያው ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ስኬሌክስ» የተባሉ፣ እንደ ሰዓት በሞላ የሚሄዱ መኪናዎች ይሠራ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. በሃሮጌት ከተማ በተደረገው የመጫወቻዎች ትርዒት ላይ ሞላውን በኤሌክትሪክ ሞተር ተክቶ «ስኬሌክስትሪክ» የተባለውን አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ለላይንስ ብራዘርስ ተሸጠ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ደግሞ ነገሩ በአሜሪካ እጅግ ተስፋፍቶ፣ ስምንት መኪናዎች በአንድ ጊዜ የሚሮጡባቸው ሰፋፊ የእንጨት መንገዶች የተዘረጉባቸው የውድድር አዳራሾች በየከተማው ተከፈቱ። ያ ሞቅታ ዐሥሩ ዓመት ሳያልቅ በረደ፤ ከአዳራሾቹም አብዛኞቹ ተዘጉ። ሙያው ግን በክበቦችና በየቤቱ ቀጥሎ እስከ ዛሬ ደርሷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመንገዱ ላይ ጠባብ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ ሁለት የብረት ወይም የመዳብ መስመሮች ተዘርግተዋል። ከመኪናው አፍንጫ ሥር መሪ ምላስ ወጥታ በቦዩ ውስጥ ትገባለች። ከምላሷም ጎንና ጎን ከቀጫጭን የመዳብ ሽቦ የተጎነጎኑ ሁለት ሹሩባዎች መስመሮቹን እየዳሰሱ ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ ያደርሳሉ። ነጂው በእጁ ከያዘው መቆጣጠሪያ ላይ ያለውን ምላጭ ሲስብ ሞተሩ የሚያገኘው ኀይል ይጨምራል፤ ሲለቅ ይቀንሳል። መሪ የለም፤ ማርሽ መቀያየሪያም የለም። የነጂው ሥልጣን በአንዲት ጣት ላይ ያረፈ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በመኪናው ላይ የተሠራ መሆን ይገባዋል፤ ስለዚህም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ፍተሻ የውድድሩ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

2. የመኪናው ሌላኛ ግማሽ

አንድ መኪና በቤቱ መንገድ ላይ ድንቅ ሆኖ ሳለ በሌላ ክበብ መንገድ ላይ ሲሄድ ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? መልሱ መኪናው ብቻውን ሙሉ ማሽን አለመሆኑ ነው። ማሽኑ የሚሞላው መኪናውና መንገዱ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲለወጥ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይነካ፣ ማሽኑ ተለውጧል ማለት ነው።

ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ጎማና መንገድ ሲነካኩ ያለው የሰበቃ መጠን አንድ ነው ብንልና የመታጠፊያው ክብ ሬዲየስ 30 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ መኪናው ሳይንሸራተት ሊታጠፍበት የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት በሰኮንድ 1.7 ሜትር ያህል ነው። አሁን በሻንሲው ሥር ማግኔት እናስርበት፤ የመንገዱም መስመሮች ከብረት የተሠሩ ይሁኑ። መኪናው 80 ግራም ቢመዝንና ማግኔቱ የ160 ግራም ክብደት ያህል ወደ ታች ቢስበው፣ ጎማዎቹ መንገዱን የሚጫኑበት ኀይል ሦስት እጥፍ ይሆናል። የመታጠፊያው ፍጥነት ግን የሚያድገው በኀይሉ ልክ ሳይሆን በስኩዌር ሩቱ ስለሆነ ወደ 3 ሜትር በሰኮንድ ይደርሳል። ይኸው መኪና መስመሮቹ ከመዳብ ወደ ተሠሩበት የእንጨት መንገድ ሲወሰድ፣ መዳብ በማግኔት የማይሳብ በመሆኑ፣ ያ ሁሉ ትርፍ ባንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ማግኔቱም የሞተ ሸክም ሆኖ ይቀራል። በ3 ሜትር ፍጥነት መታጠፍ የለመደች ጣት እዚያ ስትደርስ መኪናውን ከመንገዱ ማስወጣቷ የማይቀር ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ1/32 መጠን የተሠራ መኪና በሰኮንድ 7 ሜትር ቢሄድ፣ «በትልቁ ሲታሰብ በሰዓት 800 ኪሎሜትር ይሆናል» እያሉ የሚደነቁ አሉ። ርዝመት በ32 ሲካፈል የመሬት ስበት ግን አብሮ አይካፈልም፤ ሰዓቱም አይካፈልም። በመታጠፊያ ላይ የሚፈቀደው ፍጥነት የሚቀንሰው በ32 ሳይሆን በ32 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ5.7 ያህል ነው። ትንሹ መኪና ከእውነተኛው ይልቅ የተቅበጠበጠ መስሎ የሚታየንም ከዚህ የተነሣ ነው። ስለሆነም ከትልቁ መኪና የተገኘን ልማድ በቀጥታ ወደ ትንሹ ማዛወር አይገባም። ሞዴል ሠርተን ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ ለምንመራመር ለእኛም ይህ የሚዘነጋ ትምህርት አይደለም።

3. መኪናው መንገዱን ሳይነካ

ልምድ ያለው ተወዳዳሪ ወደ አዲስ ክበብ ሲገባ መኪናውን ከሳጥኑ ለማውጣት አይቸኩልም። አስቀድሞ መንገዱን ይመረምራል።

አንደኛ፣ በጣቱ ይዳስሳል። መንገዱ ሻካራ ፕላስቲክ ነው ወይስ ለስላሳ ቀለም የተቀባ እንጨት? አቧራ አለበት? ከቀደሙት መኪናዎች ጎማ የቀረ የሚያጣብቅ ነገር ይኖርበታልን? ሁለተኛ፣ ትንሽ ማግኔት ወደ መስመሩ አስጠግቶ መሳቡን ያያል፤ ከላይ የተናገርነው ጥያቄ በዚህ በአንድ ሰኮንድ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ የቦዩን ጥልቀት ይለካል፤ ለጥልቅ ቦይ የተሠራች መሪ ምላስ ጥልቀቱ ባነሰ ቦይ ውስጥ ከሥሩ እየነካች አፍንጫውን ታነሣለችና። አራተኛ፣ ቮልቴጁን ይለካል፤ የሚለካውም ከኀይል ምንጩ አጠገብ ብቻ ሳይሆን ከምንጩ እጅግ በራቀው ቦታ ላይ፣ ያውም መኪና እየሄደ ሳለ ነው።

ስለዚህ አራተኛው ነጥብ ጥቂት ልጨምር። የመንገዱ ክፍሎች የሚጋጠሙበት ቦታ ሁሉ ጥቂት የኤሌክትሪክ ተቃውሞ አለው። የተቃውሞው ድምር ግማሽ ኦም ቢሆንና መኪናው 2 አምፔር ቢወስድ 1 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል። ከ12 ቮልት 1 ቮልት ቀረ ማለት የሞተሩ ፍጥነት 8 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። እንግዳው ይህን ሳያውቅ መኪናው በሩቁ ቀጥታ መንገድ ላይ ሲደክም ቢያይ ሞተሩን ይጠረጥራል፤ ጤነኛውን ሞተር ሲፈታም ያመሻል። በባቡርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ እንዲሄድ ሲሠራ፣ ኀይል የሚያቀብሉ ጣቢያዎች በመስመሩ ላይ በየርቀቱ እንዲቆሙ ያስፈለገው ከዚሁ የቮልቴጅ መውደቅ የተነሣ ነው።

አምስተኛ፣ የመስመሮቹን ርዝመት ያስባል። ራሱን በማያቋርጥ ማንኛውም ዝግ መንገድ ላይ፣ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ፣ የውጪው መስመር ከውስጠኛው የሚበልጠው በመካከላቸው ያለው ርቀት በ6.28 ተባዝቶ ነው። መስመሮቹ በ8 ሳንቲሜትር ቢራራቁ ልዩነቱ በየዙሩ 50 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስምንት መስመሮች በ10 ሳንቲሜትር ቢራራቁ ደግሞ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ከ4 ሜትር በላይ ልዩነት ይኖራል። መንገዱ እንደ ስምንት ቁጥር ራሱን ሲያቋርጥ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። እንግዲህ አንዱን መኪና በውጪው፣ ሌላውን በውስጠኛው መስመር አስኪዶ «ይኸኛው ይፈጥናል» ብሎ መፍረድ ሚዛኑ የተዛባ ፍርድ ነው።

4. መነሻን ማወቅ

ፍተሻ የሚጀመረው በማስተካከል አይደለም፤ ባለበት በመለካት ነው። መኪናው ከቤቱ በወጣበት ሁኔታ ምንም ሳይነካ ይሂድ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ዙሮች አይመዘገቡም፤ ምክንያቱም በእነርሱ ውስጥ የሚለካው መኪናው ሳይሆን የነጂው መማር ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ መስመር ላይ ዐሥር ዙሮች ይመዝገቡ።

ለምሳሌ ያህል የዐሥሩ ዙሮች ሰዓት እንዲህ ነው እንበል፦ 8.4፣ 8.3፣ 8.5፣ 8.3፣ 8.4፣ 8.2፣ 8.4፣ 11.0፣ 8.3፣ 8.4። አማካዩ 8.62 ይሆናል። ነገር ግን ከዐሥሩ ዙሮች ዘጠኙ ከ8.5 አልበለጡም፤ አማካዩን ከፍ ያደረገው መኪናው የተንሸራተተበት አንዱ ዙር ብቻ ነው። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድረን የመካከለኛውን ብንወስድ 8.4 እናገኛለን፤ የመኪናውን ተራ ችሎታ የሚነግረን ይህ ነው። 11.0 የተባለችው ግን ትሰረዝ ማለቴ አይደለም። በሌላ ዐምድ ትጻፍ፤ የራሷ ትርጉም ያላት ናትና ኋላ እንመለስባታለን።

መነሻው ከተመዘገበ በኋላ ለውጥ ይደረጋል፤ አንድ ለውጥ ብቻ። ከዚያ ዐሥር ዙር ይመዘገባል። በመጨረሻም፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ለውጡ ተነሥቶ መኪናው ወደ መነሻው ይመለስና እንደገና ይለካል። ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ አይደለም። መንገዱ ራሱ እየተለወጠ ነውና፦ ጎማዎች ሲሽከረከሩበት አቧራው ይጠረጋል፤ ሞተሩ ይሞቃል፤ የነጂውም እጅ ይለምዳል። ከለውጡ በኋላ ሰዓቱ ከ8.4 ወደ 8.2 ቢወርድና ለውጡ ሲነሣም 8.2 ሆኖ ቢቀር፣ ጥቅሙ የመጣው ከለውጡ ሳይሆን ከመንገዱ ወይም ከእጁ ነው ማለት ነው። ወደ መነሻ ሳይመለስ የሚፈትን ሰው ዕድልን ለብልኀቱ ያስመዘግባል።

5. የማስተካከል ቅደም ተከተል

ምን አስቀድሞ ይነካ? በበኩሌ የምመክረው ቅደም ተከተል፣ ሌላው ሁሉ የተመሠረተበትን በማስቀደም ነው።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪኩ ንክኪ ነው። ሹሩባዎቹ ንጹሕና ጫፋቸው የተበተነ፣ መስመሩንም በለሆሳስ የሚዳስሱ ይሁኑ። ወደ ታች እጅግ ከተጎበጡ አፍንጫውን ያነሡትና ምላሷ ከቦዩ ትወጣለች፤ እጅግ ከተነጠፉ ኀይሉ ይቆራረጣል። ኀይሉ በሚቆራረጥ መኪና ላይ የሚደረግ ሌላ ማንኛውም ፍተሻ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ጎማው ክብ መሆኑ ከምን እንደተሠራ ከመጠየቁ በፊት ይረጋገጥ፤ ቸርኬው የተጣመመ ወይም ጎማው ጎርበጥባጣ ከሆነ መኪናው እየዘለለ ይሄዳል፤ በሚዘልበትም ቅጽበት መንገዱን አይነካም። ይህን ለማረም ጎማውን በዝግታ እያሽከረከሩ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል። ከዚያ የጎማው ዓይነት ይታያል። ሲሊኮን ንጹሕና ለስላሳ በሆነ ቀለም ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ አቧራ ሲነካው ግን ወዲያው ይዳጣል። ተራ ላስቲክ ሻካራ በሆነ መንገድ ላይ ይሻላል። ስፖንጅ ጎማ ደግሞ የሚያጣብቅ ፈሳሽ በሚቀባባቸው ትልልቅ የአሜሪካ መንገዶች ላይ የተለመደ ነው። አንዱ መንገድ የወደደውን ሌላው ይጠላል፤ ስለዚህ እንግዳ ተወዳዳሪ ሁለት ዓይነት ጎማ ቢይዝ ሁለት ዓይነት ሞተር ከሚይዝ ይልቅ ይጠቀማል።

ሦስተኛው የክብደት አቀማመጥ ነው። ማግኔት በማይሠራበት መንገድ ላይ ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ ከሻንሲው ላይ ዝቅ ብሎ ሲለጠፍ መኪናው ይረጋጋል። ወደ ፊት ሲቀርብ ምላሷን በቦዩ ውስጥ ያጸናል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ የኋላ ጎማዎችን ይረዳል፤ ነገር ግን ጅራቱን ያከብደዋል። ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርባቸውን ብሎኖች በካቻቢቴ ግማሽ ዙር ያህል ማላላትም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቦዲው ጥቂት ሲንቀሳቀስ ንዝረቱ ወደ ጎማው ሳይደርስ ይበርዳል። ማግኔት በሚሠራበት መንገድ ደግሞ የማግኔቱ ከፍታ ይስተካከላል፤ ጉልበቱ ከርቀት ጋር በፍጥነት ስለሚወድቅ የግማሽ ሚሊሜትር ለውጥ እንኳ ይታወቃል። ማግኔት ሲበዛ መኪናው አስቀድሞ ሳያስጠነቅቅ ይይዝና ድንገት ይለቃል፤ ማግኔት የሌለበት መኪና ግን ከመውጣቱ በፊት ጅራቱን በማወዛወዝ ለነጂው ይናገራል።

አራተኛው የማርሽ ጥርስ ብዛት ነው። አዲስ መንገድ ላይ ሲደርሱ ብዙዎች አስቀድመው የሚነኩት ይህንን ነው፤ ሊቆይ ግን ይገባዋል። ሞተሩ ያለ ሸክም በደቂቃ 20,000 ጊዜ ይዞራል፤ ትንሹ ማርሽ 9፣ ትልቁ 27 ጥርስ አለው፤ ጎማውም 20 ሚሊሜትር ዲያሜትር አለው ብንል፣ የመኪናው የፍጥነት ጣሪያ በሰኮንድ 7 ሜትር ያህል ይሆናል። ትልቁን ማርሽ በ24 ጥርስ ብንለውጠው ጣሪያው ወደ 7.9 ሜትር ከፍ ይላል። ለዐይን ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን የመንገዱ ረጅም ቀጥታ ክፍል 3 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ከመታጠፊያው በ1.7 ሜትር ፍጥነት የወጣ መኪና ፍጥነቱን በየሰኮንዱ በ5 ሜትር ቢጨምር እንኳ መጨረሻው ላይ የሚደርሰው 5.7 ሜትር ብቻ ነው። ሰባቱን ሳይደርስ 7.9ኙን መመኘት ምን ይረባል? ጣሪያውን ከፍ ስናደርግ የምንከፍለው ደግሞ የመነሻ ጉልበቱን ነው። በአጭርና በተጠማዘዘ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ከመታጠፊያ ፈጥኖ መውጣት እንጂ ከፍተኛ ፍጥነት አይደለም። በተቃራኒው 47 ሜትር ያህል ርዝመት ባለውና «ኪንግ» በሚባለው የአሜሪካ መንገድ ላይ፣ ለዚሁ የተሠሩ ልዩ መኪናዎች አንዱን ዙር ከ2 ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ፤ እዚያ ሒሳቡ ሌላ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ፍሬንና መቆጣጠሪያው ነው። ምላጩ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ መቆጣጠሪያው የሞተሩን ሁለት ጫፎች ያገናኛል። ያን ጊዜ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፤ የሚያመነጨውም ኀይል በራሱ ላይ ተመልሶ ያቆመዋል። የመቆጣጠሪያው ተቃውሞ ለሞተሩ የተስማማ መሆን አለበት። ከበዛ ምላጩ ብዙ እስኪሳብ መኪናው አይነቃም፤ ከነቃ ደግሞ ይፈተለካል። ካነሰ ገና ሲነካ ይወረወራል። ይህ ሁሉ ከነጂው እጅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ መኪናው ራሱ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ የሚታይ ነገር ነው።

6. የፈጠነውና የጨረሰው

አሁን ወደ 11.0 ሰኮንዷ ዙር እንመለስ። ሁለት ዓይነት ማስተካከያ ቀርቦልናል እንበል። በአንደኛው መኪናው ዙሩን በ8.0 ሰኮንድ ይጨርሳል፤ ነገር ግን በአምስት ደቂቃ ውድድር ውስጥ ስድስት ጊዜ ከመንገድ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥርም እስኪመለስ 6 ሰኮንድ ይጠፋል። በሁለተኛው መኪናው በ8.3 ሰኮንድ ይዞራል፤ አንድ ጊዜም አይወጣም። ከ300 ሰኮንድ ውስጥ አንደኛው 36 ሰኮንድ ቆሞ ስለሚያሳልፍ በቀረው 264 ሰኮንድ 33 ዙር ይሄዳል። ሁለተኛው 36 ዙር ይጨርሳል። ሦስት ዙር ማለት በዚህ ጨዋታ እጅግ ሰፊ ርቀት ነው። ሆኖም በልምምድ ሰዓት አዳራሹ የሚያጨበጭበው ለማን ነው? ለ8.0 ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶቻችን ቃል በዚህ ላይ በቁጥር ተረጋግጦ ይገኛል።

የልምምዱ ጊዜ ሁልጊዜ አጭር ነው። ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ አምስቱ መንገዱን ለመመርመር፣ ዐሥሩ መነሻውን ለመለካት፣ ዐሥሩ ቢበዛ ለሁለት ለውጦች ይዋል። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች እጅን ሰብስቦ፣ ምንም ሳይነኩ ለመንዳት ይቀመጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ውድድሩ ሊጀመር ሲል የተደረገ ማስተካከያ ዋስ የሌለው ማስተካከያ ነው።

7. ለሌላ ሰው እጅ

በዚህ ሙያ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚስበኝ በውክልና የሚደረገው ውድድር ነው። መኪናውን የሠራው ሰው በአንድ አገር ይኖራል፤ መንገዱ በሌላ አገር ነው። ባለቤቱ መኪናውን በፖስታ ይልካል፤ በዚያ ያሉ ሰዎች ይነዱለታል፤ መኪናውም ከአንዱ ክበብ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይወዳደራል። ሠሪው መንገዱን አላየም፤ ነጂውን አያውቅም፤ ሲበላሽም አጠገቡ የለም። እንዲህ ላለው ውድድር የሚሠራ ሰው በራሱ ጣት ብቻ የሚገራ ፈረስ መላክ አይችልም። የሚልከው ማንም ሰው በአምስት ዙር ውስጥ ሊረዳው የሚችል፣ በአቧራም በንጹሕ መንገድም ጠባዩ ብዙ የማይለዋወጥ፣ ቢወድቅ የማይሰበር መኪና መሆን አለበት። ከመኪናውም ጋር አንዲት ወረቀት ቢጨምር መልካም ነው፦ ጎማው ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ የጥርሱ ብዛት፣ እርሳሱ የት እንደ ተለጠፈ፣ በቤቱ መንገድ ላይ የመካከለኛው ዙር ሰዓት ስንት እንደ ነበረ።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ የእኛ ሥራ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? እኛ የምንተክላቸው ማሽኖች አብዛኞቹ የተሠሩትና የተፈተኑት በሌላ አገር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ደረጃ የሚሰጣቸው እንደ ልማዱ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ሥራ ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩን የማቀዝቀዝ ችሎታው ይቀንሳል፤ የናፍጣ ሞተርም የሚስበው አየር ያንሰዋል። ፋብሪካው የሰጠው የፍተሻ ወረቀት ሐሰት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ መንገድ ነው። ማሽኑ ከእኛ አገር ሲደርስ የሚጠብቀው ጥያቄ ከትንሹ መኪና ጥያቄ አይለይም፦ መንገዱ ተመርምሯልን? መነሻው ተለክቷልን? የተለወጠው አንድ ነገር ነው ወይስ አምስት?

ከእነዚህም ይልቅ የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። እኛ ተክለን፣ አስተካክለን፣ ፈርመን እንሄዳለን፤ ማሽኑ ግን በሌሊት ፈረቃ ካለ አንድ ኦፕሬተር እጅ ይገባል። ያ ሰው እኛ በተከላው ዕለት የሰማነውን ድምፅ አልሰማም፤ ያየነውን ቁጥር አላየም። የእኛን እጅ ብቻ የለመደ ማሽን ትተንለት ከሄድን የምናሳፍረው እርሱን ነው። የመነሻው ቁጥር ሳይጻፍ ከቀረ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ ሲደክም ምን ያህል እንደደከመ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ ጤነኛው ክፍል ይፈታል፤ የታመመው ይታለፋል። በትንሿ መኪና የሚጠፋው ሦስት ዙር ነው። በእኛ ሥራ የሚጠፋው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሰው አካል ነው።

ስለዚህ በመካከላችን ላሉ ወጣት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሙያ ትምህርት ቤቶቻችን አንዲት ትንሽ የውድድር መንገድ በጠረጴዛ ላይ ቢዘረጉ ወጪው ከአንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ብዙም አይበልጥም። በእርሷም ላይ ተማሪው የቮልቴጅ መውደቅን፣ ሰበቃን፣ የማርሽ ሒሳብን፣ የሞተር ፍሬንን በዐይኑ ያያል። ከዚህም በላይ አንድ ነገር ለውጦ ሁለተኛውን ለመለወጥ እጁ ሲያሳክከው፣ መልሶ መለካትን ይማራል። ትዕግሥት በንግግር አይሰጥም፤ የሚለመደው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ መኪና አስተካክለው ለሦስተኛው ይስጡት፤ ውጤቱም በእነርሱ ሳይሆን በሦስተኛው ሰዓት ይመዘን። በሥራ ዓለም የሚጠብቃቸው ፈተናም ከዚህ የተለየ አይደለም።